የቅዳሜው ደብተር

ዕፀገነት ዱላ አትወድም ነበር። አትወድም ማለት እንኳ ያንሳል፤ ትጸየፈው ነበር። ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሶፋ ቤት በላይ የተከራየችው የባሌት አዳራሽ በር ላይ በቀይ ቀለም «እዚህ ዱላ አይገባም» ብላ ጽፋለች። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ሊያደርሱ ቢመጡ፣ ምርኩዛቸውን ውጭ አስቀምጠው ግድግዳ እየተደገፉ እንዲገቡ አድርጋለች። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መሃል ከተማ ላይ ሰው ስትገርፍ የተገኘችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ዝም ብለው አይደለም።

ጥላቻዋ ከሜዳ አልመጣም። በልጅነቷ አዲስ አበባ ባሌት ያስተማራት ሰው የወይራ በትር ነበረው። እግር ዝቅ ካለ ቋንጃን ይላል፤ ወገብ ከጎበጠ ጀርባን። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ዝላይ ተሳሳተችና በትሩ ቁርጭምጭሚቷን አገኘው፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል የክፍሉ ልጆች ሁሉ ሰሙት። ከዚያ ወዲያ መድረክ ላይ አልወጣችም። ሰውየው ግን በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል መጣና «ስለምወድሽ ነው» አላት። እስከ ዛሬ ብርቱካን አትበላም።

ሀዋሳ መጥታ አዳራሹን ስትከፍት ሁሉን ነገር የዚያን ሰው ተቃራኒ አድርጋ ጀመረች። ልጆቹ ሲመጡ መጀመሪያ በሶ በማር ይጠጣሉ፤ በባዶ ሆድ የሚዘል ልጅ እሷ ጋ የለም። ሰውነት ሳይሞቅ እግር አይሰቀልም። ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተበየደውን የውሃ ቧንቧ ይዘው አንዷን እንቅስቃሴ መቶ ጊዜ ይደግሟታል፤ ያለቀሰም አልቅሶ ሲጨርስ ተመልሶ ቧንቧውን ይይዛል። አቋቋም ልታስተካክል ስትፈልግ ደግሞ እጇን ዘርግታ «ልንካሽ?» ትላለች። «እሺ» ከተባለች ትነካለች፤ «አይሆንም» ከተባለች እጇን ትሰበስባለች። የአምስት ዓመቶቹ ሳይቀሩ መብታቸውን ያውቁ ነበር፤ አንዳንዶቹማ ደስ ስለሚላቸው ብቻ «አይሆንም» ይሏታል።

ሃሴትን በስምንት ዓመቷ ያመጣት አባቷ ነው። ሙሉቀን መሃል ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ያለው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በሰዓቱ የሚመጣ ሰው ነው። የልጁን እጅ ይዞ አዳራሹ መሃል ቆመና እንደ ወጉ አስረከባት።

«እንግዲህ ቲቸር፣ ልጄ ያንቺ ናት። ዓይኗን ብቻ ተይልኝ እንጂ ሌላውን እንደፈለግሽ» አለ።

ድሮ ወላጅ ልጁን ለአስተማሪ ሲሰጥ የሚለው ነው። የእሱም አባት ለየኔታ እንዲሁ ብለው ነው የሰጡት። ሌላው ሁሉ ይድናል፣ ዓይን ግን ከጠፋ አይመለስም ነው ነገሩ። ዕፀገነት ሳቀች።

«እኔ ጋ አይመታም፣ አቶ ሙሉቀን። በሩ ላይ ያለውን አላዩትም?»

«አየሁት። ለጌጥ መስሎኝ! ታዲያ ልጅቱ ስታጠፋ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«በደብተር» አለችው።

ደብተሩ ኩራቷ ነበር። ትምህርት ቤቶች ሁሉ የወላጅ መገናኛ ደብተር አላቸው፤ የእሷ ግን የተለየ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርቱ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ በዚያ ውብ የእጅ ጽሑፏ፣ የተሻሻለውንም የቀረውንም ትጽፋለች። አታጋንንም፣ አትሸነግልም። «ጉልበት ይታጠፋል።» «ጀርባ ይጎብጣል።» «የእግር ጣቶች አልተዘረጉም።» ወላጅ አንብቦ ይፈርምና ማክሰኞ ደብተሩ ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ወላጅ ሳያነብ ነበር የሚፈርመው።

ሙሉቀን ግን ያነባል። አንብቦም ከእያንዳንዱ ስህተት ጎን በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ያሰፍራል፤ 3፣ 5፣ አንዳንዴ 10። ልጁን ቤት ውስጥ ያን ያህል ጊዜ ደጋግሞ ያሠራታል ማለት ነው ብላ ዕፀገነት ልቧ ይሞላ ነበር። በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ የሃሴትን ደብተር ከፍ አድርጋ አሳየችና «ሁላችሁም እንደ አቶ ሙሉቀን ሁኑ!» አለች። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሙሉቀን አንገቱን ሰበር አድርጎ አመሰገነ፤ ከአጠገቡ የነበረችው ሃሴትም አብራ አጨበጨበች።

አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሃሴት አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት፤ የአዳራሹ አንደኛም ሆነች። ስትዘል ወለሉ ድምፅ አያሰማም። ስትዞር አንገቷ ወደ ኋላ ይቀርና ዓይኗ ከአንድ ነጥብ ላይ አይነሳም። ይህን ዕፀገነት ናት ያስተማረቻት፤ ገና በስምንት ዓመቷ ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም አንዲት ነጥብ አድርጋላት፣ «ሰው ሲዞር የሚወድቀው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ነው። እሷን አትልቀቂያት» ብላታለች።

በዚያ ዓመት አንድ የአዲስ አበባ የዳንስ ትምህርት ቤት ከየክልሉ ጥቂት ልጆች መርጦ፣ እያሳደረ ሊያስተምር ፈታኝ ይልካል ተባለ። ሌሎቹ ልጆች ወሬውን ሲሰሙ ጮኹ። ሃሴት አልጮኸችም። «እዚያው ነው የሚታደረው?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«እዚያው ነው።»

«ቅዳሜም?»

«ቅዳሜም፣ እሑድም» አለቻት ዕፀገነት እየሳቀች። ሃሴት ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከሁሉ ኋላ መሄድ ጀመረች። ሦስት ሳምንት ነበር የቀራቸው። ዕፀገነትም ልጅቷ እንድታልፍላት ካላት ጉጉት የተነሳ ደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ትጽፍ የነበረችው ገጽ ትሞላ ጀመር። ከጎኑ ያሉት ቀይ ቁጥሮችም ከፍ እያሉ ሄዱ። አባትየውም እንደ እኔው ጓጉቷል አለች።

ያን የሰኔ ቅዳሜ ሙቀቱ የጉድ ነበር። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው እንኳ የልጆቹ ላብ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሃሴት ግን ወፍራም ጥቁር ታይት ለብሳ፣ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ አውርዳ ነበር። ፈተናው ከተነገረ ወዲህ «ልንካሽ?» ስትባል «አይሆንም» ብላ ነው የከረመችው። ዕፀገነት ዕድሜዋ ነው፣ ልጅቷ እየጎረመሰች ነው ብላ ትታዋለች። ትልቁን ዝላይ ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ጉልበቷ ከዳትና በደረቷ ተዘረረች፤ ታይቱም ቧንቧውን ከያዘው ብረት ጋር ተያይዞ ከቋንጃዋ እስከ ጭኗ ተተረተረ።

ሥጋው ታየ። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጋደሙ ሰንበሮች፣ አሮጌው ጠቁሮ፣ አዲሱ ቀልቶ፣ ቋንጃዋ ላይ ያለው ፈንድቶ ደም እያንጠባጠበ። አንዲት ትንሽ ልጅ እሪ ብላ ወደ በሩ ሮጠች። ዕፀገነት የራሷን ነጠላ ከመንጠቆው አውርዳ ሃሴት ላይ ጣለችና ልጆቹን ወደ ልብስ መቀየሪያው ሰደደቻቸው።

«ማን ነው?»

«ወድቄ ነው፣ ቲቸር።»

«መውደቅ መስመር አያሰምርም፣ የኔ ልጅ። ማን ነው?»

ሃሴት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ከዚያ በለሆሳስ፣ ዕቃ እንደሚዋስ ሰው፣ «ቲቸር፣ ዛሬ ደብተሩ ላይ ብዙ ነው የሚጻፈው? ፈተናው እስኪያልፍ ጉልበት ባይጻፍብኝ። ጀርባ ይሁን። ጀርባ ሲሆን መዝለል እችላለሁ» አለች።

ዕፀገነት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ደብተሩን አነሳች። ባለፈው ቅዳሜ፣ በገዛ እጅ ጽሑፏ፣ «ጉልበት ይታጠፋል»፤ ከጎኑ 12። ቋንጃዋን አየች። ከዚያ በፊት «ጀርባ ይጎብጣል»፤ 10። ልጅቷ ሳትጠየቅ ሸሚዟን ከኋላ ገለጠችላት። «የእግር ጣቶች አልተዘረጉም»፤ 8። ይህኛውን ለማሳየት ጫማ ማውለቅ ያስፈልግ ነበር፤ ዕፀገነት በቃ በቃ አለች።

«ቁጥሩ…»

«ስንቴ እንደሆነ ነው» አለች ሃሴት።

«እናትሽስ?»

«እማዬ ደብተሩ ሲከፈት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።»

«ለምን አልነገርሽኝም? አምስት ዓመት ሙሉ!»

ሃሴት ግራ ገብቷት አየቻት። «ያውቃሉ ብዬ ነዋ። እርስዎ አይደሉ የሚጽፉት? ስብሰባ ላይም አስጨበጨቡለት።»

አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ያስባል። ልጅቷን ሐኪም ቤት ይወስዳል፣ ፖሊስ ይጠራል፣ ቢያንስ ውኃ ይጠጣል። ዕፀገነት አንዱንም አላደረገችም። ሃያ ሁለት ዓመት አፍና የያዘችው የዚያ የወይራ በትር ንዴት፣ በራሷ ላይ ከመጣባት ንዴት ጋር ተደራርቦ ዓይኗን ጋረደው። ደብተሩን ብብቷ ሥር አድርጋ «እዚሁ ቆይ» አለችና ደረጃውን ወረደች። ባጃጁ ውስጥ ሆና ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሹፌሩ ዞር ብሎ «ታመሻል እንዴ እህቴ?» አላት።

ሙሉቀን ለአንድ ደንበኛ ሽቦ ለክቶ እየሸኘ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ።

«ቲቸር! ምነው በሰላም? ተቀመጪ።»

ደብተሩን ከፍታ ባንኮው ላይ ወረወረችው። «ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?»

አየው። ፊቱ ላይ እፍረት አልነበረም፤ ከሁሉ ያበሳጫት እሱ ነው። ለተቆጣጣሪ እንደሚያስረዳ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ከባንኮው ሥር እጥፍ የተደረገ ጥቁር የኤሌክትሪክ ሽቦ አወጣ። ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«በዚህ ነው። እጥፉ ይሻላል፣ አጥንት አይሰብርም። እኔ እንደ ሌላው ወላጅ በስካር፣ በንዴት መትቻት አላውቅም። አንቺ የጻፍሽው ላይ ብቻ ነው። ያልጻፍሽውን አንድ ቀን አልነካሁም፤ ምስክሬ ደብተሩ ነው። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ይኸው አንደኛ ወጣች፣ አይደል እንዴ?»

ዕፀገነት ሽቦውን ከእጁ መነጨቀችው። እንዴት እንደነጠቀችው ኋላም አላስታወሰችም። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፤ ሙሉቀን እንደ ቀልድ ፈገግ አለ። ሁለተኛው አንገቱን ሲጠመጥመው ፈገግታው ጠፋ።

«ጉልበት ይታጠፋል!» ብላ ጮኸች። «ስንት ነው ያልከው? አሥራ ሁለት? ቁጠር!»

አንተ ማለት የጀመረችው ያኔ ነው። ባንኮውን ዞራ ገባች። ሊይዛት እጁን ቢዘረጋ ጣቶቹን መታችው፤ ወደ ኋላ ሲሸሽ የአምፖሉን መደርደሪያ ደገፈና መደርደሪያው ተደርምሶ አብሮት ወደቀ። አምፖሎቹ አንድ በአንድ እየፈነዱ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ሙሉቀን በስብርባሪው ላይ በክርኑ ተንፏቀቀ፤ የተተኮሰው ሸሚዙ ደም በደም ሆነ። እሷ ትገርፋለች። «ጀርባ ይጎብጣል! ቁጠር!» ትገርፋለች። «ጣቶች አልተዘረጉም! ቁጠር አልኩህ!» ሰውየውም፣ የሚገርመው፣ ይቆጥር ነበር። «አምስት… ስድስት…» ይላል እያለቀሰ፤ በልጅነቱ የኔታ ፊት እንዲሁ ያስቆጥሩት ኖሯል።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ደስ ብሏታል። ክንዷ አልደከመም። ሽቦው አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማው ፉጨት፣ ከሥጋ ጋር ሲገናኝ የሚያሰማው ድምፅ፣ ይህ ሁሉ ጣፈጣት። የውጭ ሰዎች በሩ ላይ ተሰብስበው «ኧረ ገላግሉ!» ይላሉ፤ አንዱም ግን ወደዚያ ሽቦ የሚጠጋ አልተገኘም።

የተጠጋችው ሃሴት ናት። እዚሁ ቆይ መባሏን ትታ በሌላ ባጃጅ ተከትላት ነበር። በተቀደደ ታይቷ፣ በባሌት ጫማዋ፣ ሰዉን በክርኗ ሰንጥቃ ገባች። ዕፀገነት አላየቻትም። ልጅቷ «አባዬ!» ብላ ዘላ፣ ያንን ድምፅ የሌለውን ዝላይዋን ዘላ፣ አባቷ ላይ ተደፋችና ፊቷን ወደ ላይ መለሰች። ምናልባት «ይብቃ» ልትል ነበር። አንዴ የተነሳውን ክንድ የሚመልሰው አልነበረም። ሽቦው ከነፕላስተሩ ቀኝ ዓይኗ ላይ አረፈ።

ጩኸት አልነበረም። ሃሴት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች፤ በጣቶቿ መካከል ደም ወረደ። የጮኸው ሙሉቀን ነው።

«ዓይኗን!» አለ፣ ስብርባሪው ላይ እንደተንበረከከ። «ዓይኗን ብቻ ብዬሽ! ዓይኗን ብቻ!»

ዕፀገነት ሁለት ቀን ፖሊስ ጣቢያ አደረችና ሰኞ ጠዋት በዋስ ወጣች። ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ሃሴት ወደተኛችበት ሆስፒታል ነው የሄደችው። ሙሉቀን ከክፍሉ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አንገቱ ላይ ሰንበር፣ ክንዱ ላይ ፋሻ። ስታየው ልትመለስ ቃጣች። እሱ ግን ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

«ተቀመጪ። ቀኙ ብርሃን ይለያል እንጂ ሌላ አያይም አሉ፣ ሐኪሞቹ» አላት። ቀጥሎም «ክስ የለኝም ብያለሁ» አለ። «ፖሊሶቹ አልተዋጠላቸውም እንጂ። ዱላ ይስታል። ሆን ብለሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንቺም እኔም ለእሷው ብለን ነው።»

ምነው በሰደበኝ፣ ምነው በጥፊ ባለኝ አለች በልቧ። «አንቺም እኔም» ያላት ሽቦው እሱን ካቆሰለው በላይ አቆሰላት። እጇ ላይ ያለውን ፌስታል ልታስቀምጥ ጎንበስ አለች፤ ያኔ ነው ውስጡን ያየችው። ከሆስፒታሉ በር ላይ ፍራፍሬ ከምትሸጥ ሴት ሳታስበው የገዛችው ብርቱካን ነበር። ፌስታሉን ወንበሩ ሥር ገፋችው።

ሃሴት አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ የፊቷ እኩሌታ በፋሻ ተሸፍኗል። እናቷ ከራስጌዋ ቆማ ወለል ወለሉን ታያለች። ዕፀገነት አልጋው ጋ ደረሰችና የአልጋውን ብረት ያዘች። አፏ የለመደውን አወጣ።

«ልንካሽ?»

«አይሆንም፣ ቲቸር» አለች ሃሴት።

ዕፀገነት እጇን ሰበሰበች። ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ እሷ አትጠርገውም። ሃሴት በአንድ ዓይኗ ስታያት ቆየች። ከዚያ ትራሷ ሥር እጇን ሰደደችና ደብተሩን አወጣች። የጫማ አሻራና የደም ነጠብጣብ አለበት። ከመደብሩ ወለል ላይ ያነሳችው እሷው ናት፤ ወደ ሆስፒታል ሲወስዷት አልለቅም ብላ ነው ይዛው የመጣችው።

«እስክሪብቶ» አለች። እናቷ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት።

ቀስ ብላ ጻፈች። በአንድ ዓይን መስመሩን መያዝ አቅቷት ፊደሎቹ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ጨርሳ ደብተሩን ወደ ዕፀገነትና ወደ አባቷ አዞረችው። ሙሉቀንም በሩ ላይ ቆሞ ኖሮ ቀረብ አለ።

«አባዬ፦ እጁ ይመታል» ይላል የመጀመሪያው መስመር። «ቲቸር ዕፀገነት፦ እጇ ይመታል» ይላል ሁለተኛው።

«ፈርሙ» አለች።

ዕፀገነት ፈረመች። ስሟን ስትጽፍ ያ ውብ የእጅ ጽሑፏ ከሃሴት መስመር በባሰ ተንሻፈፈ። እስክሪብቶውን ለሙሉቀን ሰጠችው። እሱም ፈረመ፤ በሰዓቱ የሚመጣ፣ ሁሉን አንብቦ የሚፈርም ሰው ነው። ከፈረመ በኋላ ግን እስክሪብቶውን አልመለሰም። ከመስመሩ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ እያየ ቆየና እንደ ተማሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«ስንት ልጻፍ?»

ሃሴት ደብተሩን ከእጁ ወስዳ ዘጋችው።